በእንፋሎት የሚበስል የአትክልትና የእንቁላል ዳምፕሊንግ፦ ሊጡ ለምን ይደርቃል? ሙሌቱስ ለምን ውሃ ያወጣል?

ጓዳ ወዳድ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጂያውዚ የሚባለውንና በውሃ ተቀቅሎ የሚበላውን የቻይናውያን ዳምፕሊንግ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሙሌት) ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለወሰው ሊጥም ሆነ አጠቃለሉ አያስቸግረኝም። አሁን ግን ሥጋ የሌለበትን፣ በአትክልትና በእንቁላል ብቻ የሚሞላውንና በእንፋሎት የሚበስለውን ዓይነት መሥራት ፈልጌአለሁ። ያንኑ የለመድኩትን ሊጥ ለእንፋሎት ስጠቀምበት ጠርዙ ደርቆ ለጥርስ ያስቸግራል፣ ታቹ ደግሞ ከሙሌቱ በሚወጣው ውሃ ርሶ ከወንፊቱ ላይ ሳነሳው ይቀደዳል። ሊጡን መለወጥ ይኖርብኛል ወይስ የማበሰያውን ጊዜ? አትክልቱን ጨው ነስንሶ መጭመቅ ግድ ነው የሚሉና ጣዕሙን ይገድለዋል የሚሉ ሰዎችም ስላጋጠሙኝ፣ በዚህ ላይ የምታውቁትን ከነምክንያቱ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መለኪያ በእጄ

ከማበሰያው ጊዜ በፊት ሊጡን ይለውጡ። በውሃ የሚቀቀል ዳምፕሊንግ ድስቱ ውስጥ እየዋኘ ስለሚበስል ሊጡ የጎደለውን ውሃ ከዚያው ይጠጣል፤ በእንፋሎት የሚበስለው ግን በላዩ ላይ ከሚያርፈው ጥቂት ጠብታ በቀር ሌላ ውሃ አያገኝም። ስለዚህ ስታርቹ ለመብሰል የሚፈልገው ውሃ ሁሉ አስቀድሞ ሊጡ ውስጥ መግባት አለበት። ችግሩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለወስ ዱቄት የክብደቱን ግማሽ ያህል ውሃ ሲያገኝ ለመዳመጥ የሚመች ቢሆንም፣ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ እጅ ላይ መለጠፍ ይጀምራል።

ሰሜን ቻይናውያን ለእንፋሎት የሚለውሱት በፈላ ውሃ ነው፤ ታንግሚየን ይሉታል። የስንዴ ስታርች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማበጥና ብዙ ውሃ መያዝ ስለሚጀምር፣ ከዱቄቱ ክብደት 65 በመቶ የሚሆን ውሃ ገብቶበት እንኳ ሊጡ ሳይጣበቅ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። ሙቀቱ ግሉተን የሚባሉትን፣ ሊጡን የሚያያይዙና እንዲለጠጥ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችም ስለሚለውጣቸው፣ ሊጡ ተዳምጦ ከተዘረጋ በኋላ ወደ ኋላ አይሰበሰብም፤ ከበሰለ በኋላም አይጠነክርም።

መጠኑን እንዲህ አድርገው ይያዙት። ለ300 ግራም መደበኛ የስንዴ ዱቄት 150 ሚሊ ሊትር የሚንተከተክ ውሃ በቀጭኑ እያፈሰሱ በሹካ ወይም በቾፕስቲክ ያማስሉት፤ ዱቄቱ ሁሉ እንክብል እንክብል ሲሆን 45 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው በእጅዎ ያሹት። የውሃው መፍላት ላይ አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። 20 ዲግሪ የሆነ 300 ግራም ዱቄትና 100 ዲግሪ የሆነ 150 ግራም ውሃ ሲቀላቀሉ፣ ሳህኑና አየሩ የሚወስዱት ሳይቆጠር፣ የሙቀቱ አማካይ ከ63 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ይህም ስታርቹ ማበጥ ከሚጀምርበት ደረጃ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነው። ከፈላ በኋላ ቆይቶ ወደ 80 ዲግሪ የወረደ ውሃ ቢጠቀሙ ግን አማካዩ ከ55 በታች ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያገኙት ሞቅ ያለ እንጂ በፈላ ውሃ የተለወሰ ሊጥ አይደለም። ብዙ ሰው «የሙቅ ውሃ ሊጥ አልሆነልኝም» የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሊጡን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ለ30 ደቂቃ ያሳርፉት። ሲጀመር ሻካራና የተቆራረጠ ቢመስልም እረፍቱ ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ ሻካራ ነው ብለው ዱቄት አይጨምሩበት። ክብደቱ 495 ግራም ገደማ ስለሚሆን በ15 ግራም ቢከፋፍሉት 33 ያህል ቁራጭ ይወጣዋል።

ጓዳ ወዳድ

አመሰግናለሁ፤ ስሌቱ በተለይ ብዙ ነገር ገልጦልኛል። ታዲያ ቀዝቃዛው ውሃ ለምን አስፈለገ? ሙሉውን በፈላ ውሃ ብለውሰውስ?

መለኪያ በእጄ

ይቻላል፤ የሚሠሩትም አሉ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በፈላ ውሃ የተለወሰ ሊጥ የሚያያይዘው ግሉተን ስለሚያንሰው፣ በስሱ ሲዳመጥ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ሥጋ የሌለበት ሙሌት ደግሞ ውሃ ማውጣቱ ስለማይቀር ታቹ ጠንከር ማለት ይኖርበታል። ቀዝቃዛው ውሃ ያልበሰለውን የዱቄት ክፍል አርሶ ጥቂት ግሉተን እንዲሠራ ያደርጋል። ወደ ደቡብ፣ በጓንግዶንግ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው የሽሪምፕ ዳምፕሊንግ የሚሠራው ግሉተኑ ታጥቦ ከወጣለት የስንዴ ስታርች ነው፤ እሱ ያለ ፈላ ውሃ ፈጽሞ አይያዝም፣ የሚዘረጋውም በመዳመጫ ሳይሆን በሰፊ ቢላ ጎን ተጭነው ነው። ለቤት ጀማሪ እሱን አልመክርም።

ስስ ጠርዝ

በአዳማመጡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ቁራጭ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት መሃሉ ወፈር፣ ዙሪያው ሳሳ ያለ ይሁን፤ ሲታጠፍ ጠርዙ ስለሚደራረብ፣ አስቀድሞ ያልሳሳ እንደሆነ የጠያቂዋን ጥርስ ያስቸገረው ደረቅ ጠርዝ እንደገና ይመጣል። መዳመጫውን ከዳር ወደ መሃል እየገፉ፣ መሃሉን ሳይነኩ እየመለሱ፣ በሌላው እጅ ሊጡን ያዙሩት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመንሰንሻው ዱቄት ነው። ተቀቅሎ ለሚበላ ዳምፕሊንግ ከላይ የቀረውን ደረቅ ዱቄት ውሃው ያጥበዋል፤ እንፋሎት ግን አያጥበውም፣ ነጭና ሻካራ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። በመጠኑ ይነስንሱ፣ ከመጠቅለልዎ በፊትም የተረፈውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት። ስለ ቅርጹ አይጨነቁ፤ እንፋሎት እንደሚንተከተክ ውሃ ስለማያንገላታው ስፌቱ በቀላሉ አይፈታም፣ ስለዚህ ጠንካራ ብቻ ሳይሆን የሚያምር እጥፋት ለመሥራት ነፃነት አለዎት። በአንድ ወገን ብቻ የታጠፈው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በወንፊት ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ቅጠላ ቅጠል

አሁን ወደ ሙሌቱ እንለፍ፤ በእኔ እምነት የዚህ ምግብ ክብደቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ የራሱ ፕሮቲን እየተያያዘ አንድ ኳስ ይሠራል፣ የአትክልቱንም ውሃ ይይዛል። አትክልትና የተፈረፈረ እንቁላል ግን የሚያስተሳስራቸው ነገር የለም፤ ዝኩኒ ከክብደቱ 95 በመቶ፣ የቻይና ጎመንም እንዲሁ 95 በመቶ ገደማ ውሃ ናቸው። ጨው የዚህን ውሃ በር ይከፍታል። ጥያቄው በሩን መቼ እንክፈት ነው፤ ከመጠቅለሉ በፊት ሳህን ላይ ወይስ ከተጠቀለለ በኋላ ሊጡ ውስጥ?

ዝኩኒን የመሰለ አትክልት ያለ ጥርጥር አስቀድሞ መጨመቅ አለበት። 450 ግራም ዝኩኒ ፍቀው ከ4 እስከ 5 ግራም ጨው ነስንሰው 15 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያም በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይጭመቁት፤ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ክብደት ይቀርልዎታል። ሆኖም ድርቅ እስኪል አይጭመቁት፤ ተጨፍልቆ ሲለቀቅ ቅርጹን ይዞ የሚቀር፣ ነገር ግን ጣት ላይ እርጥበት የሚተው ሲሆን ይበቃዋል። የወጣው ውሃ ጨው ይዞ ስለሚሄድ፣ በኋላ የሚጨምሩትን ጨው ከመወሰንዎ በፊት ቀምሰው ይዩት። ስፒናች ግን ጥሬውን አይጨመቅም፤ በሚፈላ ውሃ ለግማሽ ደቂቃ ነክረው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዘው ይጭመቁት። ካሮት ደግሞ በተቃራኒው ውሃ የማያስቸግር አትክልት ነው፤ በጥቂት ዘይት ቢያቁላሉት ቀለሙም መዓዛውም ወደ ዘይቱ ይወጣና ሙሌቱን በሙሉ ያጣፍጠዋል።

ጂዩትሳይ የሚባለው፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ጠፍጣፋ ቅጠል፣ ከሁሉ የተለየ ነው። ከእንቁላል ጋር ያለው ጥምረት በሰሜን ቻይና ከሥጋ አልባ ሙሌቶች ሁሉ ይበልጥ የተለመደው ነው ማለት ይቻላል። እሱን ጨው ነስንሶ መጭመቅ መዓዛውን ከውሃው ጋር መድፋት ይሆናል። ታጥቦ ፈጽሞ ይድረቅ፤ በቢላ ይከተፍ እንጂ በማሽን አይፈጭ፤ ከተከተፈ በኋላ ወዲያው በሰሊጥ ዘይት ይታሽ። ዘይቱ ቅጠሉን ስለሚሸፍነው ጨው በቀጥታ አይነካውም፤ ጨው የሚገባውም ሊጡ ሁሉ ተዳምጦ ለመጠቅለል ሲቀመጡ ነው።

ሁለተኛ ሐሳብ

ከቅጠላ ቅጠል ጋር በጂዩትሳዩ እስማማለሁ፤ በዝኩኒው ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሲጨመቅ ከሚወጣው ውሃ ጋር ጣዕምም ይሄዳል፤ ያ ውሃ እንዲጣፍጥ የሚያደርገው ራሱ አትክልቱ ነው። ከመጭመቅ ይልቅ ውሃውን የሚጠጣ ነገር ሙሌቱ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ከማሾ ስታርች የሚሠራውን ቀጭን ግልጽ ኑድል 30 ግራም ወስደው በሞቀ ውሃ ይዘፍዝፉት፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሳይለሰልስ አውጥተው ያድቅቁት። ያልጠገበው ኑድል በእንፋሎቱ ውስጥ ሳለ ከአትክልቱ የሚወጣውን ጭማቂ ይጠጣል፤ ጣዕሙም ከሊጡ ሳይወጣ ይቀራል። የደረቀ ጥቁር የዛፍ እንጉዳይም ተዘፍዝፎ በደቃቁ ተከትፎ ቢገባ መልካም ነው፤ ጣዕሙ እምብዛም ቢሆንም፣ ለስላሳ በሆነ ሙሌት ውስጥ የሚንኮሻኮሸው እሱ ብቻ ነው።

ቅጠላ ቅጠል

ኑድሉን እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ለ450 ግራም ዝኩኒ ብቻውን አይበቃም ነው የምለው። 30 ግራም ኑድል ከ60 እስከ 70 ግራም ውሃ ቢይዝ ነው፤ ጨው የተነሰነሰበት ዝኩኒ የሚያወጣው ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱን ማቀናጀት፣ ማለትም በልኩ ጨምቆ ኑድል መጨመር፣ ይሻላል። የተጨመቀውን ውሃ መድፋት ካሳዘነዎት ሊጡ ላይ በሚጨመረው ቀዝቃዛ ውሃ ምትክ ይጠቀሙበት፤ ጨዋማ ስለሆነ ሊጡንም ያጣፍጠዋል።

ሁለተኛ ሐሳብ

ይህኛውን አላሰብኩትም ነበር፤ በዚህ ተስማምተናል።

እሳት ጠባቂ

ስለ እንቁላሉ ማንም አለመናገሩ አስገርሞኛል። ለተጠቀሰው ልክ 4 እንቁላል ይበቃል። በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃና በቁንጥር ጨው ይምቱት፤ ዘይቱ ሲግል አፍስሰው በቾፕስቲክ በፍጥነት እየበተኑ በደቃቁ ያፈርፍሩት፤ ገና እርጥብ ሳለ ከእሳት ያውጡት። መጥበሻው ላይ እስኪደርቅ የቆየ እንቁላል በእንፋሎት ሁለተኛ ጊዜ ሲበስል እንደ ጎማ ይሆናል፣ ውሃ መምጠጡንም ይተዋል። ለረጅም ጊዜ የሞቀ እንቁላል አረንጓዴ የሚያደርገውም ከነጩ የሚወጣው ሰልፈር ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እንቁላሉ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩስ እንቁላል ቅጠል ላይ ሲገለበጥ ቅጠሉ ወዲያው ይጠወልጋል፣ ውሃውንም መልቀቅ ይጀምራል፤ የጠያቂዋ ሙሌት ውሃ የሚያወጣው በዚህም ሊሆን ይችላል። አንዳንዶች ሙሌቱን ለማያያዝ አንድ ጥሬ እንቁላል ይጨምሩበታል። እኔ የምመርጠው ከ4ቱ የአንዱን ነጭ ለይቶ አስቀርቶ በመጨረሻ መቀላቀሉን ነው፤ በእንፋሎቱ ረግቶ ፍርፋሪውን ያያይዘዋል። ጥሬ እንቁላል የገባበት ሙሌት መሃሉ 71 ዲግሪ መድረስ እንዳለበት ግን አይርሱ።

ሶያ ሶስ ሙሌቱ ውስጥ ባይገባ እመክራለሁ፤ ውሃም ነው፣ የእንቁላሉን ቢጫና የቅጠሉን አረንጓዴም ያጠቁረዋል። ጨው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት የተፈጨ ዝንጅብልና የሰሊጥ ዘይት ይበቁታል። ሶያው ከጥቁር የሩዝ ኮምጣጤና ከተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ጋር ለማጥቀሻ ይሁን።

ከፍታ ላይ

ለማበሰሉ ስንት ደቂቃ ልስጠው? የተለያዩ ጽሑፎች ከ6 እስከ 15 ደቂቃ ይላሉ፤ ልዩነቱ የበዛ መሰለኝ። የምኖረው ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች በሚፈላበት ከፍታ ላይ ነው።

እሳት ጠባቂ

15 ደቂቃ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ ሥጋ ላለበት ወይም ከማቀዝቀዣ ለወጣ ነው። የእኛ ሙሌት ከሞላ ጎደል የበሰለ ስለሆነ የምንጠብቀው ሊጡን ነው፤ በፈላ ውሃ የተለወሰው ደግሞ በከፊል በስሏል። ከባሕር ጠለል ብዙ ባልራቀ ቦታ 8 ደቂቃ ይበቃል። የመፍያ ሙቀቱ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ 2000 ሜትር ላይ እንፋሎቱ 93 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ እዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ። ሊጡንም ሲለውሱ ውሃው ያን ያህል ስለማይግል፣ ከቀዝቃዛው 15 ሚሊ ሊትር ቀንሰው በፈላው ላይ ይጨምሩ፤ ዱቄቱም ብረት ሳህን ላይ ሳይሆን ሙቀት በማይወስድ ሳህን ላይ ይሁን። ከልክ በላይ ማቆየት ግን የጂዩትሳዩን አረንጓዴ ወደ ወይራ ቀለም ይለውጠዋል፤ በክዳኑ ሥር የሚታፈነው የቅጠሉ አሲድ ክሎሮፊሉን፣ ማለትም አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠውን ነገር፣ ስለሚያበላሸው ነው።

ዳምፕሊንጉ ወደ ድስቱ የሚገባው ውሃው ከፈላና እንፋሎቱ ከጠነከረ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተቀምጦ አብሮ የሚሞቅ ሊጥ፣ ስታርቹ ከመብሰሉ በፊት ከሙሌቱ በሚወጣው ውሃ ይርሳል፤ የታቹ መቀደድ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

የቀርከሃ ወንፊት

ለታቹ መቀደድ ሌላው ምክንያት መነጠፊያው ነው። በሊጡ ላይ ያለው ስታርች ሲበስል ሙጫ ስለሚሆን፣ ብረት ወንፊት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ሁሉ ይጣበቃል። የጎመን ቅጠል፣ ቀዳዳ የተበጀለት የመጋገሪያ ወረቀት ወይም ተጨምቆ ዘይት የተቀባ ስስ ጨርቅ ያንጥፉ፤ በየመካከላቸውም የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ፣ ሲበስሉ ያብጣሉና። እሳቱ ሲጠፋ ክዳኑን ከፍተው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ላዩ ጥቂት ሲነፍስበት ሙጫው ይረጋል፣ ዳምፕሊንጉም ሳይቀደድ ይነሳል።

የቀርከሃ ክዳን እንፋሎቱን በመጠኑ ስለሚያሳልፍና እርጥበቱን ስለሚመጥ አያንጠባጥብም። የብረት ወይም የመስታወት ክዳን ከሆነ ግን በጨርቅ ጠቅልለው ጫፎቹን ከላይ ይሰሯቸው፤ አለበለዚያ ከክዳኑ የሚወርደው ጠብታ ያረፈበትን ሊጥ ያላሽቀዋል። ሰዎች «ሊጡ ላሸቀ» ብለው ዱቄቱን የሚወቅሱበት ብዙው ጉዳይ የክዳኑ ነው።

ጓዳ ወዳድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ 33ቱን በአንድ ጊዜ ስለማንበላ፣ ጥሬውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ላስቀምጠው ወይስ ከበሰለ በኋላ?

ስስ ጠርዝ

ጥሬውን ማስቀመጥ ይቻላል። በዱቄት በተነሰነሰ ትሪ ላይ ሳይነካኩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ በረዶ ሆነው እስኪጠነክሩ ይቆዩ፣ ከዚያ በከረጢት ይሰብስቧቸው። ሲያበስሉ ሳያቀልጡ በቀጥታ ወደ እንፋሎቱ ያስገቡና ለ13 ደቂቃ ገደማ ያቆዩአቸው።

ቅጠላ ቅጠል

ለሥጋ ሙሌት ትክክል ነው፤ ለዚህ ግን አልመክርም። በረዶው የአትክልቱን ሕዋሳት ስለሚበሳቸው ሲቀልጥ በጥንቃቄ የያዝነው ውሃ ሁሉ ይፈስሳል፤ ሊጡ ገና ጥሬ በመሆኑም ይጠጣዋልና ታቹ ይሟሟል። በእንፋሎት ለ6 ደቂቃ አብስለው፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዘው ቢያስገቡት ሊጡ አስቀድሞ ስለረጋ ውሃውን ይቋቋማል። ሲፈልጉ ከማቀዝቀዣው በቀጥታ ወደ ጠንካራ እንፋሎት አስገብተው መሃሉ ትኩስ እስኪሆን፣ 8 ደቂቃ ያህል፣ ያሙቁት። ጂዩትሳይ ያለበትን ግን የዚያኑ ዕለት ይብሉት፤ ለማቀዝቀዣው የካሮቱንና የዝኩኒውን ያስቀሩ።